ያልገባው ጎል

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲኬድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ በምትገኘው በጊንጪ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሻይ ቤቶች ውስጥ ያን ቀን ወንበር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነበር። ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር አዲስ አበባ ስታዲየም ትጫወታለች፤ በደርሶ መልስ ያሸነፈው ወደ ብራዚል ይሄዳል፣ ወደ ዓለም ዋንጫ። እንዲህ ያለ ነገር እንኳን በእኛ በአባቶቻችንም ዕድሜ አልታየም።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ በከተማው ከሚገኙት ባንኮች በአንዱ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ከተቀጠርሁ ዓመት አልሞላኝም። ቀን ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። በሻይ ቤቱ ‹‹ገጣሚው›› ይሉኛል፤ ጥቂቱ በአክብሮት፣ ብዙው በፌዝ።

ከዕረፍት በፊት ኳሷ የናይጄሪያን የጎል መስመር አለፈች አላለፈችም በተባለባት ቅጽበት፣ ሻይ ቤቱ ያለ አንዳች የሐሳብ ልዩነት ‹‹አልፋለች!›› ብሎ ወሰነ፤ ዳኛው ግን አልሰማንም። ከዕረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ሲያስቆጥር ስንት ብርጭቆ እንደ ተሰበረ ባለቤቷ ታውቃለች። ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። አቻም ቢሆን ተስፋ ነው ብለን ሰዓታችንን እያየን ሳለ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከተከላካዮቻችን አንዱ ኤሜኒኬን በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ጣለው። ኤሜኒኬ ራሱ መታት። ሁለት ለአንድ።

ዝምታው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። በዚያ ዝምታ መካከል፣ ያዘነ ሕዝብ መሳቂያ እንደሚፈልግ የገባኝ መስሎኝ፣ የሻይ ሒሳብ ከተጻፈባት ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ስንኝ ጻፍሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦

ተራራ ነው ሲሉን ሜዳ ሆኖ ቀረ፣
በሩን ጠብቅ ቢሉት ቁልፉን ወረወረ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ‹‹ድገማት!›› አሉ፤ ደገምኋት። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ያን ያህል የተወደደልኝ የለም። በማግስቱ በገበያው ውስጥ ሲሏት ሰማሁ፤ በሳምንቱ አንድ የማላውቀው የታክሲ ረዳት የራሱ አስመስሎ ነገረኝ።

ከሻይ ቤቱ ውስጥ ያልሳቁ አንድ ሰው ነበሩ። የመሥሪያ ቤታችን የቀን ዘበኛ ናቸው። የሻያቸውን ከፈሉ፣ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ ወጡ። ሰኞ ጠዋት የባንኩን በር ሲከፍቱልኝ እንደ ወትሮው ጤንነቴን ጠየቁኝና፣

‹‹ቁልፉን አልወረወርሁም፤ ግባ›› አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በከተማው ‹‹ጋሽ አምቦ›› ይሏቸዋል። እኔም እንደ ሌላው ሰው የአምቦ ተወላጅ ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጊንጪ ነው። ስሙ የወጣላቸው በደርግ ዘመን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ነው። የመሃል ተከላካይ ነበሩ። ከአምቦ ልጆች ጋር በተደረገ ግጥሚያ፣ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ እኛ ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈር ገና ጫማ በሚነጥቅበት ጊዜ፣ ከጎን የተሻማችውን ኳስ ሊያወጡ ሲሉ የቆሙበት እግራቸው ጭቃ ውስጥ ቀረና በሌላው እግራቸው ወደ ራሳቸው ጎል ሰደዷት። ጨዋታው በዚያች ጎል አለቀ። ያን ቀን ማታ አንድ ቀልደኛ ‹‹ይህ ልጅ የአምቦ ነው እንጂ የእኛ አይደለም›› አለ። ይኸው ነው። አግብተው፣ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ዛሬም ‹‹አምቦ›› ናቸው።

ይህን የነገሩኝ በአንድ ቀን አይደለም። በምሳ ሰዓት ባንኩ ጭር ሲል ከበሩ ጎን ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብሬያቸው መቀመጥ ጀምሬ ነበር፤ ለምን እንደምቀመጥ ለራሴም አልነገርሁትም። የግጥሟን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም። ስለ ኳስ ግን ይጠይቁኛል።

‹‹ካርቱም ላይ ስንት ለስንት ተለያየን?›› አሉኝ አንድ ቀን።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ያደረግነውን ማለታቸው ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ አምስት አምስት ሆነ፤ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን።

‹‹ሁለቱን ማን አገባ?››

‹‹አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ›› አልሁ፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

‹‹ያልገባውንስ ማን አወጣው?››

ዝም አልሁ። ሳላዲን ሁለተኛውን ካገባ በኋላ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቀርቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ደቂቃ ሱዳን አንዲት ጎል ብታገባ ድምሩ ስድስት ለአምስት ይሆናል፤ ሠላሳ አንዱ ዓመት ሠላሳ ሦስት ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሰው አደባባይ የወጣበት ሌሊት አይኖርም። ሁለቱን ጎሎች በቃሌ እይዛቸዋለሁ፤ በየትኛው እግር፣ ከየት አቅጣጫ ብባል እናገራለሁ። ዜሮዋን ግን አላስታውሳትም። ዜሮ ማለት አልሆነም ማለት ነው፤ ያልሆነን ነገር ማን ያስታውሳል? ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ግን፣ እኔ ደግሞ ቀን ሙሉ ሂሳብ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ሁለቷን ጎል ዋጋ የሰጠቻት ያቺ ዜሮ ናት።

‹‹ኳሷን ሁሉም ያያታል›› አሉኝ ጋሽ አምቦ፣ ‹‹አንተ ኳሷ የሌለችበትን እይ።››

የሄድሁት ወደ ደቡብ አፍሪካው ውድድር ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር የተደረገውን ጨዋታ በጊዜው አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን ኳሷን ነበር። ሳላዲን የሳታት ፍጹም ቅጣት ምት፣ የግብ ጠባቂያችን የጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ፣ የአዳነ አቻ ጎል፤ የቀረኝ ይህ ነው። እንደ ገና በኢንተርኔት ፈልጌ፣ ኔትወርኩ በየአምስት ደቂቃው እየተቋረጠ፣ በሁለት ማታ አየሁት። በዚህኛው አምበሉን ደጉ ደበበንና አጠገቡ የቆሙትን ብቻ ለማየት ወስኜ ነበር።

ደጉ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት በኋላ መስመር የተሰለፈ፣ በዚያ ውድድር የዋሊያዎቹ አምበል የነበረ የመሃል ተከላካይ ነው። ስሙን የማያውቅ የእግር ኳስ ወዳጅ የለም፤ ግን አንድ የእሱን ሥራ ንገረኝ ብትሉት ሰውየው ይቸገራል። ‹‹ጠንካራ ነበር›› ይላችኋል፤ ከዚያ ዝም። ስለ አዳነ፣ ስለ ሳላዲን፣ ስለ ጌታነህ ከበደ ብትጠይቁት ቀኑ ይመሽባችኋል። የአጥቂ ታሪክ የተፈጸሙ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ የተከላካይ ታሪክ ሊፈጸሙ ሲሉ የቀሩ ነገሮች ናቸው፤ እነሱን የሚመዘግብ መዝገብ የለም። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ራሳቸው በየሻይ ቤቱ የሚነሡት ባገባነውና በገባብን ነው።

ዛምቢያ በዚያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ጀማል የወጣው ከዕረፍት በፊት ነው፤ ጎሏም የገባችብን ልክ ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በአሥር ሰው የአፍሪካን ሻምፒዮን አንድ ጎል እንኳ ሳያስገቡ መልሰዋል ማለት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ። በመጀመሪያው ዕይታዬ ከዚያ አርባ አምስት ደቂቃ የያዝሁት የአዳነን ጎል ብቻ ነበር። በሁለተኛው ያየሁት ሌላ ጨዋታ ነው፦ እጅ ሲጠቁም፣ አፍ ሲከፈት፣ አንዱ ወደ ግራ ሲጎተት ሌላው የእሱን ቦታ ሲሞላ፣ ወደ ራስ ጎል እየሮጡ ትከሻ ላይ ሲመለከቱ። የሚያምር ነገር አልነበረውም። ቆሻሻ ውሃ ከቤት እንደ መቅዳት ያለ ሥራ ነው፤ ውሃው አይቆምም፣ ቀጂውም አይቆምም።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ እንዲህ ያለውን ቀን ለተከላካይ ማስተባበያ መጻፍ አይቻልም፣ አልሞክረውም። ናይጄሪያ ግን ሌላ ናት። ሩስተንበርግ ላይ እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ከዚያ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ በሁለተኛው ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ አልቆ ስለ ነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። ያቺ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፤ በፍጻሜው ያሸነፈችው ደግሞ ያቺኑ ቡርኪና ፋሶን ነው። ከአንድ ምድብ የአፍሪካ አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፤ ከእነሱ ጋር የነበረችው ሦስተኛዋ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ናት። ይህን ጋሽ አምቦ ከእኔ በፊት ደምረውታል። ‹‹ልጆቹ የቆሙት ከማን ፊት እንደ ሆነ እይ እንጂ›› ይሉ ነበር።

ሰማንያ ደቂቃ። ስምንተኛዋን ዐሥር በዜሮ ዘግቶ ዘጠነኛዋ ላይ መውደቅ። ይህን በቁጥር ደረጃ ዐወቅሁት እንጂ ገና አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ታኅሣሥ ላይ ነው። የጤፉ አዝመራ ተሰብስቦ ገበያው የሚሞላበት፣ ከባንኩ በር ጀምሮ ሰልፉ አስፋልቱን የሚነካበት ወቅት ነው። ከጠዋት ጀምሬ ቀና አላልሁም። ማታ ሂሳብ ስዘጋ አራት ሺህ ብር ጎደለኝ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ አራት ሺህ። ባልደረቦቼ ቆጠሩልኝ፤ አራት ሺህ። በኋላ እንደ ገባኝ፣ በግርግር መካከል የአሥር ብር እስር መስጠት ሲገባኝ የሃምሳ ብር እስር ሰጥቻለሁ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ እጄ ነው ያነሣው፣ ዐይኔ ነው ያላየው። ጉድለቱ በስሜ ተጻፈ፤ ከደመወዜም በየወሩ እየተቀነሰ እንዲከፈል ሆነ።

ገንዘቡን ከፍሎ መጨረስ ይቻላል። ያልቻልሁት በማግስቱ ያለውን ነው። ‹‹ገጣሚው›› መባሌ ቀርቶ ‹‹አራት ሺው›› ሆንሁ። ባልደረቦቼ በፍቅር ነበር የሚሉኝ፣ ዛሬ ሲሉኝ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ በዚያን ሰሞን ግን ሌሊት ጣሪያ ሳይ ዐድር ነበር። አንድ ሰው አንዲት ሣንቲም ሳያጎድል መቁጠሩን ለማንም የሚናገርለት የለም። ‹‹ዛሬም ሞላለት!›› ብሎ ሻይ የሚጋብዝ ሥራ አስኪያጅ አላየሁም፣ ደግሞም መኖር አለበት አልልም። መሙላት ሥራው ነው።

በዚያች ጉድለቱ በታወቀባት ማታ ጋሽ አምቦ ሰዓታቸው አልፎ ሳለ ወደ ቤታቸው አልሄዱም ነበር። ስወጣ በሩ ላይ አገኘኋቸው።

‹‹ኢልማ ኮ›› አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ‹‹ከገባህ ጀምሮ ስንት ቀን ሞልቶልህ ዘጋህ?››

‹‹አላውቅም፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ቀን ይሆናል።››

‹‹እኔ ግጥም አልችልም›› አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። ‹‹ብችል ስለ እነዚያ እጽፍልህ ነበር።››

ሌላ ምንም አላሉኝም። እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድንና ደኅና እደር ብለውኝ ወደ ሰፈራቸው ታጠፉ። ያቺ ሁለት ስንኝ ግን ያን ማታ ከነሙሉ ክብደቷ ተመለሰችብኝ። ‹‹በሩን ጠብቅ ቢሉት…›› ያልሁት ዕድሜውን ሙሉ በር ለሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ያፌዝሁበት ተጫዋች ደግሞ አንድ ጊዜ ጣለ እንጂ፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳዳነን አልቆጠርሁለትም። ስሙን በዚህ ጽሑፍ ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም።

የሰው ልጅ በዚህ ነገር ከእኛም ይከፋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር በዓለም ዋንጫ ላይ ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ በራሱ ጎል ላይ አገባ፤ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ሜዴሊን ከተማ ላይ በጥይት ተገደለ። ይህን ለጋሽ አምቦ ነግሬያቸው ተጸጽቻለሁ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን የሚያስደስት ታሪክ መፈለግ ያዝሁና የቶኒ አዳምስን አገኘሁ።

የአርሰናል ደጋፊ ለሆነ አንባቢ አዳምስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በአገራችን ደግሞ አርሰናልን የማይደግፍ ወይም በአርሰናል የማያፌዝ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. በ17 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፤ በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ፤ እስኪያቆም ድረስ፣ እስከ 2002 እ.ኤ.አ.፣ ሌላ ክለብ አልቀየረም። በሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ለክለቡ አንድ ጎል አገባ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ በራሱ ጎል ላይ አገባና አንድ ለአንድ ተለያዩ። በማግስቱ አንድ ጋዜጣ የአህያ ጆሮ ሥሎበት ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሜዳው የአህያ ድምፅ እያሰሙ ይቀበሉት ጀመር።

‹‹አህያ?›› አሉ ጋሽ አምቦ። ይህን ያወራነው በገበያ ቀን ነበር፤ ከፊታችን ከየገጠሩ ጤፍና ስንዴ የተጫኑ አህዮች ይተማሉ። ‹‹አህያ ባትኖር ይህን ገበያ ማን ተሸክሞ ያመጣው ነበር? እንግሊዞች አህያ አያውቁም ማለት ነው።››

ከሁለት ወር ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አርሰናል ሻምፒዮን ለመሆን ሊቨርፑልን በሜዳው በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። 2 ለ 0 አሸነፈ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ማይክል ቶማስ ያገባትን ጎል የእንግሊዝ ልጅ ሁሉ ይተርካታል። እዚህ ላይ ጋሽ አምቦ እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ።

‹‹ዜሮዋን አህያው ነው የያዛት በለኛ።››

ሊቨርፑል አንዲት ቢያገባ ኖሮ የቶማስ ጎል ከንቱ ነበረች። እንደ ሱዳኑ ጨዋታ ነው፤ ውጤቱ እንኳ አንድ ነው። በዚያች አግዳሚ ላይ ሆነን፣ አንድ ቀን በአዲስ አበባና አንድ ቀን በሊቨርፑል ያልገቡትን ጎሎች ስንቆጥር፣ ከውጭ ላየን ሰው ሁለት ሥራ ፈቶች እንመስል ነበር።

የአዳምስን መጠጥም ነገርኋቸው፤ ሰክሮ መኪና በመንዳቱ በ1990 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንደ ታሰረ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ እንደ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ በ1998 እና በ2002 እ.ኤ.አ. ዋንጫ እንዳነሣ፣ እንደ እሱ ላሉ ስፖርተኞች መታከሚያ እንዳቋቋመ። በ2011 እ.ኤ.አ. ክለቡ በስታዲየሙ ደጃፍ ሐውልት አቆመለት። ሐውልቱ ጎል ካስቆጠረ በኋላ እጁን ዘርግቶ የቆመበትን የሚያሳይ መሆኑን ስነግራቸው ግን ቅር አላቸው። ‹‹ተከላካይን ጎል ሲያገባ ነው የሚቀርጹት?›› አሉ። እኔም ከዚያ በፊት እንዲህ አላሰብሁበትም ነበር። ሐውልት የሚያቆምም ሰው፣ እንደ እኔ፣ የሆነውን እንጂ ያልሆነውን መቅረጽ ይቸግረዋል።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ፣ ከጭሊሞ ደን ጋር አብሮ ስሙ የተነሣው የኳስ ሜዳ ነበር። ደኑና ሜዳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ‹‹አይሆንም›› አሉ። ከእነሱ የተነሣው ድምፅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኦሮሚያን ሞላ፤ ብዙ ሕይወት ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ ሰዎች አሉና ለእነሱ እተዋለሁ። የማስታውሰው ባንኩ ተዘግቶ በዋለበት አንድ ቀን ጋሽ አምቦ ከበሩ ውስጠኛ ወገን ቆመው የተናገሩትን ነው። ‹‹እኔ በዚያች ሜዳ ላይ ስም ያወጣሁት በጥፋቴ ነው›› አሉ። ‹‹ቢሆንም ሜዳዬ ናት።››

ዛሬ ጋሽ አምቦ ጡረታ ወጥተዋል። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ኳስ አይወድም። እኔ አሁን ከመስኮት ወደ ውስጥ ወንበር ተዛውሬያለሁ፤ የወጣቶቹን ሂሳብ ማታ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሲሞላላቸው ‹‹ሞላ›› ብዬ መናገር ለምጃለሁ። ይስቁብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲጫወቱ ለማየት አብረን ሄድን። ጋሽ አምቦ ከሜዳው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ኳሷ ወደ ወዲያኛው ጎል ስትሄድ እሳቸው የሚያዩት ወዲህኛውን ነው።

‹‹ያቺ ግጥምህ እንዴት ሆነች?›› አሉኝ፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቃቸው ነው።

ስለ ተከላካይ ሌላ ግጥም እንደ ጀመርሁ ለማንም አልተናገርሁም ነበር፤ እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ‹‹ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆሜያለሁ›› አልኋቸው። ‹‹ቤት አልመታ አለኝ።››

መልስ ሳይሰጡኝ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ጫማው አንዱ የሌላ ሰው የሚመስል፣ ከጎሉ አፍ ላይ ኳሷን በጉልበቱ ይሁን በጭኑ መትቶ ወደ ላይ ሰደዳት። ኳሷ አጥሩን ዘላ ወደ አስፋልቱ ሄደች። የቡድኑ ልጆች ‹‹ምን ሆነሃል?›› ብለው ጮኹበት። ጋሽ አምቦ ተነሥተው ቆሙ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ ብቻቸውን ያጨበጭቡ ጀመር።